ያለ መስተዋት የሰቀልሁት ሥዕል

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደርቆ እንደነበር አውቃለሁ። ቀኑም ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት ነበር፤ እሱን የምረሳ አይደለሁም። ወሩ ግን ጥቅምት ይሁን ታኅሣሥ ይምታታብኛል። ኅዳር አለመሆኑን ብቻ እምላለሁ፤ ኅዳር ጽዮን ቢሆን ኖሮ በዚያን ዕለት የሥዕል አዳራሹን የሚከፍት ሰው በሞጣ ባልተገኘ። ባለቤቴ አንድ ዓመት ትጠራለች፣ እኔ ሌላ እጠራለሁ። ሁለታችንም የምንቆጥረው ልጆቻችን ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ እያሰብን ነውና ተስማምተን አናውቅም።

መጻፍ የጀመርሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። የአዳራሹን ቁልፍ ባስረከብሁ ዕለት በእኔ ቦታ የተተካችው ሴት፣ "ጋሼ ደምሴ፣ የሚያውቁትን ሳይጽፉልን እንዳይሄዱ" አለችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምሁ ሰው ነኝ። ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የተማርሁት በመጋዝና በመላጊያ ነው። ስለዚህ ፊደሌ ቢንጋደድ፣ ቃሌም ቢደጋገም አንባቢ ይታገሠኝ። ሥዕል ሲንጋደድ ሳቃና ነው የኖርሁት፤ ፊደል ላይ ግን ውኃ ልክ አይሠራም።

ሥራ የያዝሁት በትውልድ አገሬ በቢቸና ነው። በእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ የትምህርት ቤት ወንበር፣ የቢሮ መደርደሪያና በር እንሠራ ነበር። አለቃችን አቶ ጌጤ የሚባሉ፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይለይ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እሳቸው የሚያምኑት ቱንቢን ብቻ ነው። በክር ጫፍ የታሰረች ብረት ቁልቁል ስትንጠለጠል የምታሳየውን መስመር ከሰው ምስክርነት በላይ ያምኑት ነበር። "ዓይንህ ይዋሻል፤ ክር አይዋሽም" ይሉኛል። እኔም ክሩን አምኜ ብዙ ዓመት ኖርሁ። ደመወዙ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የሚነገር ነገር የለም።

ወደ ሞጣ የሄድሁት የባለቤቴ ወገኖች እዚያ ስላሉ ነው። ከተማው አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን አድሶ የሥዕል ማሳያ አደረገው። ጽሑፉ የሥዕል አዳራሽ ይላል፤ እኛ ጋለሪ ነው የምንለው። አናጢም ጥበቃም የሚሆን ሰው ይፈለግ ነበርና ቅጽ ሞላሁ፣ ማኅተም ተመታ፣ ገባሁ።

ችግሩ ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ነበር። ሥዕል የምሥል አይደለሁም፤ የምሰቅል ነኝ። አንድ ቅኔ የዘለቀው ጎረቤት ነበረኝና ሥራህ ምንድን ነው ቢለኝ "ሥዕል ሰቃይ" አልሁት። "ሥራው ሰቃይ፣ ኑሮው ሥቃይ" ብሎ አዞረብኝ። ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ሁሉ "ሰቃዩ" ይለኝ ጀመር። ሠርግ ቤት ስገባ እንኳ፣ "ሰቃዩ መጥቷል፣ የታረደ በግ ካለ ስጡት፣ ይስቀለው" ይሉ ነበር።

የጋለሪው ኃላፊ መምህር አላምረው ነበሩ። በትምህርት ቤት ሥዕል ያስተማሩ፣ አባታቸው ደግሞ የቅኔ መምህር የነበሩ፣ አጠር ያሉ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ "ዐውደ ርእይ" የሚል ጨርቅ ስሰቅል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"ዐውድማ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ፣ መምህር።"

"ዐውድም እሱው ነው። ርእይ ማየት ነው። የማየት ዐውድማ በለው።" ከመሰላሉ ሥር ሆነው ትንሽ አሰቡ። "በዐውድማ ላይ ፍሬውን ከገለባው የሚለየው ነፋሱ ነው። ነፋሱ ደግሞ ሊያይ የሚገባው ሰው ነው። አንተና እኔ ዐውድማውን ለቅላቂዎች ነን፤ ስለ ፍሬው አንጨነቅ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራዬ ስም ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ልማዳቸውን ልናገር። ሥዕል ሲመጣ ወዲያው አያሰቅሉም። ከግድግዳው ሥር አስደግፈው፣ በርጩማ ስበው ከፊቱ ይቀመጣሉ፤ እኔንም ያስቀምጡኛል። ሰዓት አያዩም። መጀመሪያ ላይ እንቅልፌ ይመጣ ነበር። እየዋልሁ እያደርሁ ግን ሥዕሉ ራሱ የሚሰቀልበትን እንደሚናገር ገባኝ። ዓይኑ ወደ በር የሚያይ አለ፤ እሱን በር አጠገብ ብትሰቅለው ሰው ይዞ ይወጣል። በቀኝ በኩል የከበደ አለ፤ እሱ በስተቀኙ ባዶ ግድግዳ ይፈልጋል። በአዳራሹ ውስጥ "ቆንጆ" የሚል ቃል ከእኛ ከሠራተኞች አፍ እንዲወጣ አይፈቅዱም ነበር። "ቆንጆ ካልህ ማየት አቆምህ ማለት ነው" ይሉኛል።

ከፍታውንም እንዲሁ ነው ያገኙት። በሌላ ከተማ ሥዕል የሚሰቀለው በቆመ ጎልማሳ ዓይን ልክ ነው አሉ። እሳቸው ግን አዳራሹ በተከፈተ ሰሞን ከበሩ ጎን ቆመው የሚገባውን ሰው የዓይን ከፍታ በመቃኑ ላይ በጠመኔ ሲያመለክቱ ሰነበቱ። ሸክም ያጎበጣት ገበያተኛ አለች፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አለ። ከምልክቶቹ አንዱን መርጠው "እዚህ" አሉ። ከሌላው አገር አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። እንግዳ ሠዓሊዎች ዝቅ አለብን ብለው ሲያጉረመርሙ፣ እናንተ አንድ ቀን ጎንበስ በሉ፣ እኒህ ሰዎች ሲጎነብሱ ነው የኖሩት ይሏቸዋል።

ጓንት አያስደርጉኝም። እጄን እስከ ክርኔ በሳሙና አስታጥበው፣ በደንብ አስደርቀው ነው ሥዕል የሚያስነኩኝ። ጓንት እጅን ያደነቁራል ባይ ናቸው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ሚስማር ሲመታ ይፈረፍራል። ስለዚህ ከላይ ዙሪያውን ጣውላ አስረን፣ ከጣውላው ሥዕሉን በሁለት ሽቦ እናወርደዋለን። ሽቦዎቹን እንደ ክራር ክር በጣት መታ መታ ማድረግ ነው። ሁለቱ አንድ ድምፅ ከሰጡ ክብደቱ እኩል ተካፍሏል፤ አንዱ ከቀጠነ ወደዚያ በኩል ከብዷል። ኋላ ኋላ ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮዬ ብቻ የሰቀልሁት ብዙ ነው።

የአቶ ጌጤን ቱንቢ ያስጣሉኝም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ሥዕል በክር አስተካክዬ ሰቅዬ ኮራ ብዬ ቆምሁ። መምህር ራቅ ብለው አዩና ተንጋዷል አሉኝ። አልተንጋደደም፣ ይኸው ክሩ ብዬ ተከራከርሁ። "ክርህ እውነት ነው" አሉኝ። "ግድግዳው ግን አርጅቶ ዘመም ብሏል። ሰው ሥዕሉን የሚያየው ከግድግዳው ጋር እንጂ ከክርህ ጋር አይደለም። ካረጀ ጋር ስትኖር ትንሽ አብረህ ዘመም በል።" ይህን ለትዳርም ተጠቅሜበታለሁ።

ብዙ ዓይነት ነገር ሰቅያለሁ። የተቀደደ ጀሪካን ሰፍቶ ያመጣ ነበር፣ ከመስኖ ቦይ ጭቃ አምጥቶ ሸራ ላይ የለቀለቀ ነበር። አንድ ወጣት ሠዓሊ ሰባት ቀንበር ገልብጦ ከጣሪያው አሰቀለኝ። በገበያ ቀን አንድ ገበሬ ገብቶ ቀና ብሎ ቆጠራቸውና፣ ማን ነው የገለበጠው ብሎ ተቆጣ። ሠዓሊው ሆን ብሎ እንዳደረገው ነገረው። ገበሬው አሰበ፣ አሰበና "እንግዲያው በሬዎቹ ሰማይ ላይ ናቸዋ። ሞተዋል ማለትህ ነው" አለው። ሠዓሊው እጁን ጨበጠው። መምህር በኋላ፣ ነፋሱን አየኸው አሉኝ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የሺእመቤት የምትባል የቢቸና ልጅ አለች። ሥዕል ተምራ የተመለሰች፣ የቢቸና እህል ሰፋሪ ሴት ልጅ ናት። እናቷን እኔም በሩቅ አውቃቸዋለሁ፤ በዚያ ገበያ ጤፍ የገዛ ሰው ሁሉ በእሳቸው ቁና አስፍሯል። ቁና እህል የሚሰፈርበት ስፌት ነው፤ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ያለ። እናትዮዋ ከሞቱ በኋላ ልጅቱ መልካቸውን በትልቅ ወረቀት ላይ በከሰል ሠራችው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፤ ቁናውን ጭናቸው ላይ አድርገው በነጠላው ጫፍ ሸፍነው አቅፈውታል። እሳቸው ፎቶግራፍ መነሣት አይወዱም ነበርና ለልጅቱ የቀረላት የእናቷ መልክ ይኸው ወረቀት ብቻ ነው። ሥዕሉን ስትሰጠኝም ይህንኑ ነግራኛለች።

ከቢቸና ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሰሉ እንዳይነሣ ፊቱ በመስተዋት ተሸፍኖ፣ በጭነት መኪና ነው። መስተዋት ያለው ሥዕል ቆሞ ነው የሚጓዝ፤ መምህር ይህን ስንት ጊዜ ነግረውኛል። ሾፌሩ ግን ሌላ ጭነት ይጠብቀኛል ብሎ አጣደፈኝ። ለማቆም ማሰሪያ ያስፈልግ ነበር፤ እኔም በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስተኛሁት። ሞጣ ደርሼ ብርድ ልብሱን ስገልጥ መስተዋቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። እግዜር ይመስገን ወረቀቱ አልተነካም። ስብርባሪውን አንድ በአንድ በጣቴ ለቀምሁ።

የዚያ መጠን መስተዋት ሞጣ የለም፤ ከባሕር ዳር ይምጣ ቢባል ሳምንት ይፈጃል። መክፈቻው በማግሥቱ ነው። መምህር ለሕክምና ባሕር ዳር ሄደዋል። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ለእሳቸውም ለልጅቱም መደወል እችል ነበር። አልደወልሁም፤ አፈርሁ። መስተዋቱ ሲመጣ አድርጌበት ማንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ያለ መስተዋት ሰቀልሁት።

ሰፊው ግድግዳ የምሥራቁ ነው፣ ከበሩ ትይዩ። ሌላው ሁሉ ይጠበዋልና እዚያ አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ በምዕራቡ መስኮት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ በቀጥታ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። መስተዋት የሌለው ወረቀት ፀሐይ እንዳይመታው መጋረጃ ላበጅለት አልሁ። ጨርቅ ነጋዴው ሰይድ ዘንድ ሄድሁ። ስፋቱ የሚበቃ የተገኘው ጫፉ ወርቅማ ጥለት ያለበት ቀይ ብቻ ነበር።

ሰይድ እየለካ "ለየትኛው ደብር ነው?" አለኝ።

"ለደብር አይደለም፤ ለጋለሪ ነው።"

"ጋለሪም ታቦት አስገባ?" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ እዚያች ላይ ነበር።

እኔ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ስለማውቅ ሌላው የማያውቅ አልመሰለኝም። በምሥራቅ ግድግዳ፣ በቀይ መጋረጃ ውስጥ፣ የተከናነበች እናት ጭኗ ላይ የተሸፈነ ነገር አቅፋ ብትታይ የእኛ አገር ሰው ምን እንደሚል ለመገመት ሠዓሊ መሆን አያሻም።

ነጋ። ከላይ እንዳልሁት የማርያም ዕለት ነበር። በሩን ከፍቼ ወደ ጓዳ ገባሁና የአንድ ሌላ ሥዕል ሽቦ ማጥበቅ ያዝሁ። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው በአዳራሹ ፊት ለፊት ያልፋል። ሲገቡ ይሰማኛል፤ ሰው በመብዛቱ ደስ አለኝ። ነገር ግን ወሬ የለም። ሰው ጋለሪ ሲገባ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይህ ምንድን ነው ይላል። እግር ሲጎተት እንጂ ሌላ አይሰማም። ብቅ ብዬ ባይ ጫማው ከመቃኑ ሥር ተደርድሯል። ነጠላ ያጣፋ ሰው ተሰልፏል። አንዱ መጋረጃውን ይገልጣል፣ ይሳለማል፣ ግንባሩን ያስነካል፣ ለቀጣዩ ይለቃል። የተሳለሙት ወደ እኔ ዞሩ። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ግንባራቸውም።

ከሰል ትንፋሽ እንኳ ያነሣዋል። መሮጥ ነበረብኝ። እኔ ግን የሚጸልይን ሰው ከኋላው እንዴት እንደምጎትት አላወቅሁም፤ ቆሜ ሦስት አራት ሰው አለፈ። በመጨረሻ "እናቶቼ፣ ማርያም አይደለችም" አልሁ።

ከመጋረጃው አጠገብ የነበሩ፣ ምርኩዝ የያዙ አንዲት እናት ከንፈራቸውን በጣታቸው ነክተው ጣታቸውን አዩ።

"ታዲያ ማን ናት?"

"የቢቸና እህል ሰፋሪ።"

ከኋላ የሳቀ አለ፣ ያማተበ አለ። አንድ ጎልማሳ፣ ባዕድ ምስል አሳለማችሁን ብሎ ጮኸብኝ። ጫማቸውን እያደረጉ ወጡ። መጋረጃውን ስገልጠው ቁናው እንዳለ አለ፣ ነጠላው አለ፣ እጆቹ አሉ። ፊቱ ግን የለም፤ ግራጫ ጉም ሆኗል።

የሺእመቤት እኩለ ቀን ላይ በሚኒባስ ደረሰች። መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። "ፊቷ የት ሄደ?" ብቻ አለች። ከመኪናው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኋት፤ አልደበቅሁም። አልጮኸችም። መምህር የሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

"ጋሽ ደምሴ፣ መስተዋቱ ሲሰበር ለምን አልደወሉልኝም?"

"አፈርሁ፣ ልጄ።"

"እርስዎ ለአንድ መስተዋት አፈሩ፤ እኔ እናቴን ሁለተኛ ቀበርሁ" አለችና ተነሥታ ሄደች።

ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

መምህር በማግሥቱ ተመለሱ። ቁልፎቹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁ። አላነሡአቸውም። እንደ ልማዳቸው በርጩማቸውን ስበው ከሥዕሉ ፊት ተቀመጡ፤ እኔንም አስቀመጡኝ። እንደዚያ ረዥም ጊዜ ተቀምጠን አናውቅም። ከዚያ "የቁልፉን ነገር በኋላ እንነጋገራለን፤ መጀመሪያ መለያውን ጻፍ" አሉኝ። መለያ የምንለው ከሥዕል ጎን የሚለጠፈው፣ የሠዓሊው ስም ያለበት ካርድ ነው።

"የእሷ መለያ አለ እኮ" አልሁ።

"የእሷማ አለ። አሁን የሚታየውን ፊት የሠራኸው አንተ ነህ። የሠራ ሰው ስሙን ይጽፋል።"

ለልጅቱ ደውለው ሥዕሉ እንዳለ ይቆይ እንደሆነ ጠየቋት። እኔ አላየውም እንጂ ይቆይ አለች። ሦስት ካርድ አበላሽቼ በአራተኛው ጻፍሁ። "ይህን ሥዕል ያለ መስተዋት የሰቀልሁት እኔ ነኝ። መጋረጃ ያደረግሁበትም እኔ ነኝ። የሳሙት ሰዎች አላጠፉም። ደምሴ።" ለጠፍሁት። ከዚያም መምህር፣ ዐውደ ርእዩ እስኪዘጋ ከጎኑ ቁም፣ ለሚጠይቅህ መልስ አሉኝ። ሦስት ሳምንት ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ሰው ያነባል፣ ካርዱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ይሄዳል። "ሰቃዩ ራሱን ሰቀለ" ሲሉም ሰምቻለሁ። በልቤ ቁልፉን መምህር ባይቀበሉኝም በመስኮት ወርውሬው እሄዳለሁ እያልሁ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እኒያ ባለ ምርኩዝ እናት መጡ። ጫማቸውን አላወለቁም። ካርዱን አነብላቸው ዘንድ ጠየቁኝ፤ አነበብሁላቸው።

"የመጨረሻዋን ሰርዛት" አሉ።

"የትኛዋን፣ እማማ?"

"'አላጠፉም' ያልኻትን። መጀመሪያ የሳምሁ እኔ ነኝ። እኔ ስስም ነው ሌላው የተከተለኝ። ቅድስት ናት ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር? አልጠየቅሁም። ጨርቁን አይቼ ሳምሁ። ጨርቅ መሳም ነው ይሄ።"

"ጨርቁን የሰቀልሁት እኔ ነኝ እኮ።"

"ስቀለው። ከንፈሩ የእኔ ነው።"

ሰረዝኋት። በርጩማ አመጣሁላቸው፤ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየቀኑ መጥተው አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። ሰው ካርዱን አንብቦ ወደ እኔ ቀና ሲል ቀድመው፣ እኔ ነኝ የሳምኋት ይሉታል። ዓይኑን ከእኔ ያነሣል። ያ ጎልማሳም ተመልሶ መጣ፤ ይህ ቤት ሰው ያሳስታልና ይዘጋ ብሎ ሽማግሌ ሊሰበስብ ነበር።

እሳቸው ከበርጩማቸው ሳይነሡ "አንተን አስታውስሃለሁ" አሉት። "ሁለት ጊዜ ነው የሳምኸው። አንዴ ስመህ ወጥተህ፣ ተመልሰህ ተሰለፍህ። ሁለተኛውንም ቤቱ ነው ያሳሳተህ?"

ሰውዬው ሊቆጣ ከጅሎ ሳቁ አመለጠው። የመዝጋቱ ነገር በዚያው ቀረ።

እኒሁ እናት ስለ ቢቸናዋ ሴት ይጠይቁኛል። እንዴት ትሰፍር ነበር? ሞልታ ነው ወይስ ጎደል አድርጋ? ልጇስ ምን አለች? የሚያውቁት ሰው የሞተባቸው ያህል ነበር የሚጠይቁ። ዐውደ ርእዩ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጅቱ ለምን እዚያ ተቀምጣ ታለቅሳለች? ሃያ ዓመት ያያት ገበያ እያለ መልክ ይጠፋል? የቢቸና ሰው ዓይኑን አልቀበረ። ደውልላት።"

በዚህ ጊዜ ስልኬን አወጣሁ። ለየሺእመቤት ደውዬ ያሉኝን ነገርኋት። እሷም፣ ሥዕሉን ራስዎ ያምጡት አለችኝ።

መምህር ፈቀዱ። ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ወስጄ ከቤቷ አደረስሁና በገበያው ቀን አብረን እህል ተራ ገባን። እሷ ወረቀትና ከሰል ይዛ ነበር፤ እኔ የአጥፊነቴን ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። ከእናቷ ጎን ይሰፍሩ የነበሩት ሴቶች አሁንም እዚያው ናቸው። የሥዕሉን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው፤ ፊቱ ሳይጠፋ ያነሣችው አልነበራትምና የጠፋውን ነው ያሳየችው።

አንዷ አየችና "ፊቱስ ይቅር፤ አንገቷን ማን ደፋባት?" አለች።

"እንዲህ ነበር የምትቀመጥ" አለች የሺእመቤት።

"ቤት እንደሆነ አላውቅ። እዚህ እናትሽ አንገቷን ደፍታ አታውቅም። ቁናውን ስትሰፍር እጇ ይሰፍራል፤ ዓይኗ ገዢው ላይ ነው።"

ሌላዋ ቀበል አድርጋ "የታች ከንፈሯን ነክሳ" አለች። "ቁናው ሲከመርም አንድ ቅንድቧን እንዲህ።" ቅንድቧን ሰቀለች። ሦስተኛዋ፣ አይ የግራውን ነበር ብላ አረመቻት። ተከራከሩ። የቀኝ ነው፣ የግራ ነው እያሉ እርስ በርስ ፊታቸውን እያሳዩ ተሳሳቁ። በሦስት ሴት ፊት ላይ አንዲት የሞተች ሴት ስትመጣና ስትሄድ በዓይኔ አየሁ። የሺእመቤትም አየች። ከጆንያ ላይ ቁጭ ብላ ትሥል ጀመር፤ እንባዋ ይወርዳል፣ እጇ ግን አላቆመም።

ስንመለስ መንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ "ጋሽ ደምሴ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ አልልም፤ ገና ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎ። ማርያም ያደረግኋት እኔም ነኝ። ስለሞተች አንገቷን ደፋሁባት።"

ጉሙን አላጠፋችውም። በላዩ ላይ አዲሱን ፊት ሠራች፤ ቀና ያለ፣ ከንፈሩን የነከሰ፣ ገዢውን የሚያይ። የግራ ቅንድቡ ወደ ላይ ነው። ጉሙ ከኋላ እንደ ገበያ አቧራ ሆኖ ቀረ። መስተዋቱን ከባሕር ዳር አስመጣን። ከቢቸና ሞጣ ሥዕሉ ቆሞ ነው የተጓዘ፤ እኔም ከጭነቱ ላይ ደግፌው አብሬው ቆሜ መጣሁ። ሾፌሩ "አባባ፣ ቁጭ በሉ እንጂ" ሲለኝ አልሰማሁትም።

በቀጣዩ ዐውደ ርእይ በዚያው በምሥራቁ ግድግዳ ሰቀልነው፤ መጋረጃውን ለመስኮቱ አደረግሁት። ሽቦዎቹን መታ መታ ሳደርግ አንድ ድምፅ ሰጡ። መምህር ራቅ ብለው አይተው አልተንጋደደም አሉ፤ ከእሳቸው ይህ ብዙ ነው። ባለ ምርኩዟ እናትም መጡ። ቀና ብለው ከሥዕሏ ጋር ተፋጠጡ።

"ይቺንስ ማንም አይስማት" አሉ። "ትሳደባለች።"

የሺእመቤት ጮክ ብላ ሳቀች። በዚያ አዳራሽ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬም በዓመት አንድ ጊዜ ሥራዋን ታመጣለች፤ ጡረታ እስክወጣ ከእኔ በቀር ማንም እንዲሰቅልላት አትፈቅድም ነበር። ከወጣሁ ወዲህ የተካችኝ ሴት ደውላ፣ ጋሼ ሽቦው እንዴት ነው የሚሰማው ትለኛለች፤ በስልክ አሰምቺኝ እላታለሁ። በስልክም ይሰማል።

ከዚያ ጥፋት በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የሰበርሁትን ነገር ለመናገር ሁለተኛ አልዘገየሁም፤ ሰዎችም ከዚያ ወዲያ ያለ ሐሳብ ሥራቸውን ይሰጡኝ ጀመር። ሰው የሥራ ዘመኑን ሲተርክ አለቆቹን ያመሰግናል። እኔም አቶ ጌጤን አመሰግናለሁ፤ መምህር አላምረውን እግራቸውን ብስም አይበዛባቸውም። ነገር ግን መለያውን እንድጽፍ ያደረጉኝ መምህር ቢሆኑም፣ ጽፌ ከጎኑ መቆም ያስቻለኝ ሌላ ሰው ነው። ብቻዬን ብሆን በሁለተኛው ቀን ሄጄ ነበር፤ የቢቸናዋ ሴት ፊትም እንደጠፋ ይቀር ነበር።

ባለፈው ሳምንት ይህን ጽሑፍ ባለ ምርኩዟ እናት ቤት ሄጄ አነበብሁላቸው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አንዲት ቃል አያልፈውም። ስምዎን ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። "እውነቱን ነው የጻፍኸው፤ ጻፈው" አሉኝ።

እማማ የውብዳር ተገኘ ይባላሉ።